ስለ 1950ው ፒካፕ ሞተር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

አዲሱ የ1950 (እ.ኤ.አ.) ሼቭሮሌት 3100 ፒካፕ ኪታችን፣ ማለትም ገጣጥማችሁ የምትሠሩት ትንሿ የመኪና ሞዴል፣ ከወጣ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። የለመዳችሁት ቀጥ ያለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቀርቶ ቪ-8 (ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ሞተር) በመግባቱ ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። አንድ የቆየ ደንበኛችን «ዶሮ ወጥ ውስጥ ድንች ጨመራችሁበት» ብሎ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ከነከነኝ።

ቅር ያላችሁን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለውጡ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ቢሆንም ቅሬታችሁ ይገባኛል። አንዳንዶቻችሁ «ለገንዘብ ብሎ ነው» ያላችሁትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከሞልዱ ልጀምር። የሞዴሉን ሞተር የምንሠራው ሬዚን (ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) በሲሊኮን ሞልድ፣ ማለትም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሰን ነው። ሲሊኮን ዕድሜው አጭር ነው፤ ጥቂት ደርዘን ጊዜ ከተፈሰሰበት ጠርዙ ይቀደዳል፣ ቀጫጭኑ ቅርጽ ይጠፋል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ደግሞ ለዚህ አይመችም። የአየር ማስገቢያውም የጭስ ማውጫውም ማኒፎልድ (ቅርንጫፍ ቱቦ) በሹፌሩ በኩል ተደርድሯል፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ያ ጎን ነው። በመጨረሻ ላይ እያንዳንዱን በትንሽ ሞረድ እያስተካከልኩ ነበር የማሽገው። ሞልዱ አበቃለት።

አዲስ ለማሠራት ዋጋ ጠየቅሁ። ሬዚኑ ጨምሯል፣ ሲሊኮኑ ጨምሯል፣ ፖስታው ጨምሯል፤ የሱቁ ኪራይማ አይነሳ። ጎማና መስታወቱን የማስመጣው ከውጭ ነው። ድሮ ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር፤ ከኦገስት 2025 መጨረሻ ወዲህ ያ ቀርቷል። ለትልቅ ድርጅት ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኔ ሱቅ ግን የወር ሂሳብ ነው። ሁለቱንም ሞተር በአንድ ሳጥን ብከት ጭማሪው እናንተ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንዱን መረጥኩ፣ ዋጋውን እንዳለ ተውኩት። ዋጋው እንዳልጨመረ የጻፈልኝ ሰው እስካሁን የለም።

«እሺ፣ ታዲያ ለምን ቪ-8?» ትላላችሁ።

እኔ ያደግሁት መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ አጠገብ፣ አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ ሞተር ሲወርድ ማየት ብርቅ አልነበረም። የላንድ ሮቨሩ ቤንዚን ሞተር ይወርድና የጃፓን ናፍጣ ይገባለታል። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩ ይቀየራል፤ መኪናው ያው ላንድ ሮቨር ነው። አባቴን «መኪናዬን አበላሸህብኝ» ያለው ባለቤት አላስታውስም። «ነፍስ ዘራህበት» ነበር የሚሉት።

የ3100ም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የ1950ው ስድስት ሲሊንደር 216 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ 3.5 ሊትር ገደማ። ለእርሻና ለከተማ ጭነት የሚታመን፣ ትዕግሥተኛ ሞተር ነው። ግን ለፍጥነት አልተሠራም፤ ቢየላዎቹ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኙት ክንዶች) ዘይት የሚያገኙት በሙሉ ግፊት ሳይሆን በአብዛኛው ከታች እየጨለፉ ነው። በ1956 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ሕግ ወጥቶ ረጃጅሞቹ መንገዶች ሲዘረጉ ያ ሞተር እዚያ ላይ ተጨነቀ። ሼቭሮሌት ራሱ በ1955 አዲሱን ቪ-8 አውጥቶ በዚያው ዓመት በአዲሱ ፒካፕ ላይ በምርጫ አቅርቦት ነበር። ሰዉም ከድሮው ፒካፕ ስድስቱን እያወረደ ቪ-8 መግጠሙን ቀጠለ። እዚህ ቨርጂኒያ የድሮ መኪና ትርኢት ላይ የ3100 ኮፈን ተከፍቶ ካያችሁ የምታገኙት ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

እኛ የመረጥነው የ1957ቱን ባለ 283 ኪዩቢክ ኢንች ቪ-8 ነው። አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስድስቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ቪ-8 አጭርና ሰፊ። የግራው ጭስ ማውጫ ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከመሃል ታጥፎ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደውን ማኒፎልድ ሠራሁ፤ በእውነተኛው መኪና ላይም ብዙ መካኒኮች ለዚሁ ብለው የሚፈልጉት እሱን ነው። ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) ከሞተሩ ጀርባ ስለሆነ ከጋቢናው ግድግዳ ፈቀቅ ማለት አለበት። ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና 1/25 ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር ከሳታችሁ በእውነተኛው መኪና ሁለት ሳንቲም ተኩል ሳታችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ የ1950ው ማዞሪያ ዘንግ በቱቦ የተሸፈነ ነው፣ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር አይገናኝም። ዘንጉንም ዲፈረንሻሉንም እንደ አዲስ ቀረጽኩ። መኪናውን ካልገለበጣችሁ ይህን አታዩትም። እባካችሁ ገልብጡትና እዩት።

የቀረው አልተነካም። የፊቱ አምስት አግዳሚ ብረት፣ የጋቢናው የማዕዘን መስኮቶች፣ ከወንበሩ ጀርባ ያለው የነዳጅ ታንከር፣ የጭነት ሳጥኑ የእንጨት ወለል፣ ሁሉም እንደነበረ ነው።

ከፋብሪካ እንደወጣ ካልሆነ የማይሉትን አከብራለሁ፤ እኔም በአንዳንድ መኪና ላይ እንደዚያው ነኝ። ከአሮጌው ሞልድ የተረፉ ጥቂት የስድስት ሲሊንደር ሞተሮች አሉኝ። ኪቱን የገዛ ሰው ከጻፈልኝ የፖስታውን ብቻ ከፍሎ ይወስዳል፤ ከድሮው ዘንግና ዲፈረንሻል ጋር እልካለሁ። ካለቁ ግን አለቁ። ያልተጀመረ ኪት የሚመልስ ሰውም ገንዘቡ ይመለስለታል።

ይህ ሱቅ የቆመው በእናንተ ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝ የማትፈልጉትን ቀለም ሳይቀር የገዛችሁልኝን አውቃለሁ። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ሞተሩን ሻሲው ላይ አንዴ አስቀምጡት፤ ማጣበቂያም አያስፈልግም።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሱቅ ነኝ። የተገጣጠመው ናሙና ባንኮኒው ላይ አለ፣ ቡናም አይጠፋም። ለመቆጣትም ቢሆን ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት