ለሙሽሮች በነጻ በሰጠነው ክፍል ታክስ ተጠየቅን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባለቤቴ ጋር 22 ክፍል ያላት ሆቴል ነው የምናስተዳድረው። አዳራሻችን ሰርግ አያጣም፣ አዳራሹን ለተከራየ ደሞ ሙሽሮቹ የሚያድሩበት ክፍል በነጻ ነው። እንግዳ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ነጻ» ብለን እንጽፋለን፣ ደብቀን አናውቅም።

አምና ኦዲተሮች መጥተው ያንኑ መዝገብ ገልጠው በቀይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ቆጠሩት፣ 112 ሌሊት፣ በ1,800 ብር ተባዝቶ 201,600 ብር ያልተመዘገበ ሽያጭ ተባለ፣ ቫቱ ብቻ 30,240 ብር፣ የትርፍ ግብሩ፣ ቅጣቱና ወለዱ ሲደመርበት ደሞ ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

ከነዚህ ውስጥ 30 ያህሉ ተሳፋሪ ይዘውልን የሚመጡ ሹፌሮች ያደሩበት ነው፣ እሱ ላይ ክፈሉ ብንባል ይገባኛል፣ ተጠቅመንበታል። የሙሽሮቹ ግን ሌላ ነው። ክፍሉ እኮ የአዳራሹ ኪራይ ውስጥ ያለ ነው፣ ለአዳራሹ ደሞ ደረሰኝ ቆርጠን 15 በመቶውን ከደንበኛው ተቀብለን አስገብተናል። አንድ ብር ሁለቴ ቫት ይከፈልበታል እንዴ?

ቅሬታችንን በ21 ቀን ውስጥ አስገባን፣ በሁለት መስመር ደብዳቤ ውድቅ ሆነ። ይግባኝ ልንል ስንነሳ ነው ጉዱ የመጣው። በታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ በ983/2008፣ ለይግባኝ ኮሚሽኑ ለማመልከት ከሚያከራክረው ታክስ 50 በመቶውን፣ ከዛ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለመሄድ ደሞ 75 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል ግዴታ ነው፣ ያውም በ30 ቀን ውስጥ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ ማንም ሰው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። እኛ ግማሹን ለማምጣት አንሶላ የሚያጥቡልንን ልጆች ደሞዝ መንካት ነበረብን፣ አልነካንም፣ ቀኑ አለፈ፣ አሁን በየወሩ እየቆራረጥን እንከፍላለን።

ባለፈው ቅዳሜ የአንዷ ሙሽራ እናት «የልጆቹ ክፍልስ የቱ ነው?» ሲሉኝ አሁን ይከፈልበታል ማለት አቃተኝና ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ከአዳራሽ ጋር አብሮ የሚሰጥ ክፍል እንዴት እንደሚታይ ገቢዎች በጽሑፍ ግልጽ ያድርግልን። ማስያዣውም ለትንንሽ ድርጅቶች ይቀነስ፣ ወይ በባንክ ዋስትና ይተካ። እናንተም የሚመለከታቸውን ጠይቁልን።

ከቱሉ ዲምቱ