ለእድራችን አባላት፦ ስለ ምክር አገልግሎቱ

ውድ የየካ አባዶ ጎረቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከቅዳሜ ጀምሮ ኮሙናሉ (የጋራ መገልገያ ቤታችን) ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ትኖራለች። «ሽማግሌ እያለን ምን ያደርግልናል?» ያላችሁ አላችሁ። ሽማግሌ ይገላግላል፣ ያስታርቃል። አማካሪ ግን አትፈርድም፤ ሰው ችግሩን አጥርቶ እንዲያይና ራሱ እንዲወስን ታግዛለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሟገተው ለዚሁ ነው፤ አዳምጡ እንጂ አትዘዙ።

ለብቻ መግባት ይቻላል፤ ባልና ሚስት ሆኖም ይቻላል። ትምህርትና ሥራ መምረጥ ለከበዳቸው ልጆችም ጊዜ አለ። እኔ በጣም የጓጓሁት ለሐዘንተኞች ቡድን ነው። ድንኳኑ እስኪነሳ ሐዘንተኛውን እንከባለን፤ ወንበሩና ድስቱ ተቆጥሮ ከተመለሰ በኋላ ግን ማን ዞር ብሎ ያያል?

የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ በቀር። ምዝገባው ጸሐፊው ጋ ነው። ጉዳያችሁን አይጠይቅም፤ ስምና ሰዓት ብቻ።