የአማርኛ ክርክር ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ስለ አላባማ

ዘንድሮ ክበባችን 12 ልጆች ነበሩት። ከ7ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ሁሉም ያደጉት እዚሁ አትላንታና አካባቢዋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የንባብ ክፍል ካለቀ በኋላ ለአንድ ሰዓት እንገናኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት አልሆነልንም። ርዕስ የማመጣው እኔ ነበርኩ። "ከከተማና ከገጠር የቱ ይሻላል?"፣ "ስልክ ክፍል ውስጥ ይፈቀድ?" እያልኩ አስነሳቸዋለሁ። ልጆቹ ይቆማሉ፣ "ጥሩ ነው" ወይም "ጥሩ አይደለም" ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

በስድስተኛው ቅዳሜ ትንሽ ዘግይቼ ስደርስ ክፍሉ ቀውጢ ሆኗል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅና አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ዋንጫ ካነሳባቸው ዘመኖች ምርጡ የቱ ነው እያሉ በእንግሊዝኛ ይሟገታሉ። እሱ "2011" ይላል፣ እሷ "2020" ትላለች። የልጁ ታላቅ ወንድም የሚማረው ተስካሉሳ፣ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሌሎቹ ልጆች ልብ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር ነው፤ ግን ሁሉም ሐሳብ አላቸው። እጃቸውን ሳያወጡ ነው የሚናገሩት። "ይህንኑ በአማርኛ ንገሩኝ" አልኳቸው። ጸጥ አሉ። ከዚያ ልጅቷ "ቲቸር፣ ቃሉ የለንም እኮ" አለች። "እንፈልገዋለና" አልኩ። የዘንድሮው ክበብ በእውነት የተጀመረው ያኔ ነው።

ነገሩን ለማትከታተሉ ወላጆች ትንሽ ላስረዳ። የምናወራው ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ በእጅ ተይዛ ስለምትሮጠው ሞላላ ኳስ። በዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚጫወቱበት ሜዳ 100 ሺህ ሰው ይሞላል። ከእኛ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል የሚርቀው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ኒክ ሴባን የሚባል አሰልጣኝ ቀጠረ። የመጀመሪያው ዓመት ደካማ ነበር፤ 7 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። በገዛ ሜዳው በሉዊዚያና ሞንሮ ሳይቀር ተረታ። ከዚያ በኋላ ግን በ2009፣ በ2011፣ በ2012፣ በ2015፣ በ2017 እና በ2020 የአገሩን ዋንጫ ወሰደ። በ12 ዓመት ስድስት ዋንጫ ነው። ሴባን በጥር 2024 ጡረታ ወጣ። መዝገቡ ስለተዘጋ ልጆቹ የሚከራከሩበት ነገር ከእንግዲህ አይለወጥም። ይህ ለክርክር ይመቻል።

ስድስቱን የውድድር ዘመኖች በዕጣ አደልናቸው። ለአንድ ዘመን ሁለት ልጅ። ደንቡ ሦስት ነበር። በአማርኛ ብቻ መናገር። የትኛውንም ቁጥር ከየት እንዳመጡት ማሳየት። ሦስተኛው ያከራከረን ነው፤ ማንም ተከራካሪ "ምርጥ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ በራሱ አማርኛ ሳይናገር ወደ ማስረጃው አይገባም። አንዳንዶቹ "ምርጥ ምርጥ ነው፣ ምን ይብራራል?" ብለው አጉረመረሙ። እኔ ግን በዚህ አልተደራደርኩም። ሰው አምስት ደቂቃ ተጨቃጭቆ ከስድስተኛው ላይ ለካ የተጨቃጨቀው ስለተለያየ ነገር መሆኑ የሚገባው ይህን ስለሚዘል ነው።

ሁለት ቅዳሜ ቃል ስንፈልግ ዋልን። ታችዳውን (ኳሷን ይዞ የሜዳው ጫፍ መድረስ) እና ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) እንዳሉ ይቅሩ ተባለ። ቡድኑ 10 ያርድ ለመግፋት የሚሰጡትን አራት ዕድሎች "ሙከራ" አልናቸው። ዲፌንስ "ተከላካይ" ሆነ። ኳሷ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል በእግር ተመትታ ስታልፍ የሚገኘውን 3 ነጥብ "ምት" አልን። "ጥሩ" የምትለዋን ቃል ደግሞ ከለከልኩ። በምትኩ "ጠንካራ"፣ "እንከን የለሽ"፣ "ወጥ"፣ "አይበገሬ" የሚሉ ቃላት ከየቤታቸው፣ ከእናትና ከአባት እየጠየቁ መጡ። "ወጥ አቋም" የሚለውን ያመጣው ልጅ አባቱን ለግማሽ ሰዓት እንዳስጨነቀ ነግሮናል። ወጥ ሲባል እናቱ የምትሠራው ብቻ ይመስለው ነበር።

ማጣሪያው ከጥር እስከ መጋቢት ቆየ። የ2009ን ዕጣ ያወጡት ሁለት ወንዶች "ምርጥ ማለት መጀመሪያ መንገዱን የጠረገ ነው" ብለው ተነሱ። ያ ቡድን 14 ተጫውቶ 14ቱንም አሸንፏል። ማርክ ኢንግራም ለዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ለአላባማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣው ያኔ ነው። ልጆቹ ግን አንድ ቅጽበት ላይ ቆሙ። ከቴኔሲ ጋር ነው። አላባማ 12 ለ 10 ይመራል፤ 12ቱም ነጥብ የተገኘው ከአራት ምት ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሴኮንዶች ቀርተዋል። ቴኔሲ ምቷን ካስገባ ሁሉም ነገር አበቃ። ተራራ እያሉ የሚጠሩት ቴረንስ ኮዲ መሃሉን ሰንጥቆ ገባና እጁን ዘረጋ። ኳሷ እጁ ላይ ቀረች። በዚያ ቀን ሲያከሽፍ ሁለተኛው ነበር። ልጁ ይህን ሲተርክ ወንበር ላይ ወጥቶ ክንዱን ዘረጋ፣ ትንንሾቹ አጨበጨቡ። ግን ከሌላው ወገን "እንከን የለሽ ቡድን በአንድ ሰው ክንድ ይተርፋል ወይ?" የሚል ጥያቄ መጣ። መልስ አልተገኘም። ወደቁ።

የ2012 እና የ2015 ተከራካሪዎች ብዙ አልገፉም። የ2012 ልጆች አላባማ እዚሁ አትላንታ ጆርጂያን 32 ለ 28 ያሸነፈበትን ቀን ይዘው ነበር፤ ጆርጂያ 5 ያርድ ሲቀረው ነው ሰዓቱ ያለቀበት። ክፍላችን ውስጥ ይህን ማንሳት ቁስል መነካካት ነው። የ2015ቱ በዴሪክ ሄንሪ 2,219 ያርድ ሩጫ ተማመኑ። አንድ ሰው ዘመን አይሆንም ተባሉ።

2017 ግን ክፍሉን አስለቀሰ ማለት ይቻላል። ዋንጫው የተወሰነው ሰኞ ማታ፣ ጥር 8 ቀን 2018፣ በከተማችን ስታዲየም ነው። ጆርጂያ በዕረፍት 13 ለ 0 ይመራል። ሴባን ሁለት ዓመት ያገለገለውን ጄለን ኸርትስን አስቀምጦ ገና አንደኛ ዓመት የሆነውን ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገባ። ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሄደ። ቱዋ መጀመሪያ 16 ያርድ ወደ ኋላ ተጥሎ ወደቀ። በሁለተኛው ሙከራ፣ አዲስ አራት ሙከራ ለማግኘት 26 ያርድ እየቀረ፣ በረጅሙ ወረወረ። ዴቫንታ ስሚዝ ተቀበለ። 26 ለ 23፣ አለቀ። አንዷ ተከራካሪ አባቷ ያን ሌሊት ከስታዲየሙ አጠገብ ሰው ለመጫን ቆሞ እንደነበር አወራች። ቀይ የለበሱ የጆርጂያ ደጋፊዎች ድምፅ ሳያሰሙ ሲወጡ አይቷል። "አባቴ ኳሱን አያውቅም፤ ለቅሶ ቤት ነው የመሰለው" አለች። ቀጠል አድርጋ "ምርጥ ማለት ልብ የሚሰቅል ነው" ብላ ደመደመች። ትረካዋ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ግን ያ ቡድን በኦበርን 26 ለ 14 ተሸንፎ የራሱን ምድብ እንኳ ያላሸነፈ ነው። ልብ መስቀል ሌላ፣ ምርጥ መሆን ሌላ።

ፍጻሜው በሚያዝያ አዳራሹ ውስጥ ሆነ። 2011 በ2020 ላይ። ዳኞቹ ሦስት ወላጆች ነበሩ፤ ሦስቱም ፉትቦል አያዩም። ሆን ብዬ ነው የመረጥኳቸው። ልጆቹ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለባቸው። ገና ሲጀመር አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው "2011 በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብለው ጠየቁ። ተከራካሪዋ ሳትደነግጥ "አባባ፣ በፈረንጅ ነው። በእኛ 2004 ልንገባ ስንል ነው የተጀመረው" አለች። የጣቷን ቆጠራ ከመድረኩ ሥር ሆኜ አየሁት።

አከፋፈቱን በአያቶቻችን የበልሃ ልበልሃ ሙግት ወግ እናድርገው ተባብለን ነበር። አንዱ ወገን "ተጠየቅ!" ብሎ በግጥም ይጀምራል። ከ2011 ወገን ያ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ፦

"አጥር የሌለው ሰው፣ ማሳው ተበልቶበት፣
ጎተራ ቢሠራ፣ ምን ሊያስገባበት?"

እውነቱን ነው፤ የ2011 አላባማ አጥር ነበር። በ13 ጨዋታ የተቆጠረበት 106 ነጥብ ብቻ ነው። ተጋጣሚ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 183.6 ያርድ ነው የሚገፋው። በሩጫም፣ በውርወራም፣ በነጥብም፣ በጠቅላላ ያርድም ከአገሩ ቡድን ሁሉ አንደኛ ተከላካይ ነበር። ልጅቷ 183.6ን በትንሽ ካርድ ላይ በቀይ ጽፋ ይዛው ነበር፤ ካርዱ በላብ ረጥቦ ቀዩ መዳፏ ላይ ወጥቷል።

የ2020 ወገን መልስ ከዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ መጣ፦

"አጥሩን ስትጠብቅ፣ ክረምቱ አለፈብህ፣
ማሳው ጦሙን አድሮ፣ ምኑን ሊሰርቁብህ?"

አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ጦም ያደረ ማሳ የሚለውን ከአያቷ በስልክ ነው የሰማችው። ከዚያ ማስረጃዋን ደረደረች። 13 ጨዋታ፣ 13 ድል። 630 ነጥብ። ዓመቱ የኮቪድ ስለነበረ ቀለል ያሉ ተጋጣሚዎች ከፕሮግራሙ ወጡ፤ በመደበኛው ውድድር 10ሩም ጨዋታ ከገዛ ሊጉ ጠንካራ ቡድኖች ጋር ሆነ። ከ13ቱ ድል 12ቱ በ15 ነጥብና ከዚያ በላይ ልዩነት ነው። ፍሎሪዳ ብቻ ነው በ6 የተጠጋቸው። በፍጻሜው ኦሃዮ ስቴትን 52 ለ 24 ሲያሸንፉ ዴቫንታ ስሚዝ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 12 ኳስ ተቀብሎ ሦስት ታችዳውን አስቆጠረ። አዎ፣ ያው የ2017ቱ ልጅ።

መጠያየቁ ከግጥሙም በለጠ። "በ2011 በገዛ ሜዳችሁ በሉዊዚያና ስቴት (ኤልኤስዩ) 9 ለ 6 ተሸንፋችኋል። አራት ምት ስታችኋል። ኦክላሆማ ስቴትም እንደ እናንተ አንድ ብቻ ተሸንፎ ነበር፣ እሱ ደግሞ የሊጉ ሻምፒዮን ነው። ለፍጻሜ የበቃችሁት በሜዳ ነው በድምፅ?" ያኔ ለፍጻሜ የሚበቁት ሁለት ቡድኖች በዋናነት በድምፅ ነበር የሚመረጡት፤ ስለዚህ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የ2011ዋ ልጅ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "በድምፅ ነው። ግን ከዚያው ከኤልኤስዩ ጋር ኒው ኦርሊንስ ላይ ስንገናኝ 21 ለ 0 ሆነ። የሜዳውን አጋማሽ የተሻገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያልወደቀ ሰው መነሳት መቻሉን በምን እናውቃለን?"

እሷም በተራዋ ጠየቀች። "46 ነጥብ በፍሎሪዳ፣ 48 በኦል ሚስ የተቆጠረበት ተከላካይ እንዴት ምርጥ ይባላል? ኦሃዮ ስቴትስ ለፍጻሜው ሲመጣ ስንት ጨዋታ ተጫውቶ ነበር?" መልሱ 7 ነው። የ2020ው ልጅ "እኛ ያገኘነውን ነው ያሸነፍነው" ብሎ አለፈው። እዚህ ላይ የተሻለ መልስ ነበረው፤ በልምምድ ጊዜም ተናግሮት ነበር። ጨነቀውና ጠፋው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ወገን የመከራ ጊዜ ነበራቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ከባድ አውሎ ነፋስ ተስካሉሳን መትቶ ሰው ገድሏል፣ ሰፈር አፍርሷል። በ2020 ደግሞ ወረርሽኙ ነበር፤ ሴባን ራሱ ታሞ የኦበርኑን ጨዋታ ከቤቱ ነው ያየው። ልጆቹ ይህንን እንደ ማስረጃ ሊጠቀሙበት ፈለጉ። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የተጫወተ ቡድን ለዚያ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ የ10ኛ ክፍሉ ልጅ ከወንድሙ የሰማውን ሲናገር እኔም ተነክቻለሁ። ቢሆንም በልምምድ ላይ ቆርጬ የነገርኳቸው፣ መከራ የቡድኑን ልብ ያሳያል እንጂ የቡድኑን ችሎታ አይለካም ብዬ ነው። ያንኑ በፍጻሜው ላይ ጠብቀውታል። ሁለቱም በአክብሮት አንስተው ነጥብ አልጠየቁበትም።

ዳኞቹ 2 ለ 1 ለ2011 ፈረዱ። ምክንያታቸው ያቺ የመነሳት መልስ ናት። ፍርዱ ትክክል ነው፤ በዚያ ቀን በተሻለ የተከራከሩት እነሱ ናቸው። እኔ ግን አስተማሪነቴን ለአፍታ ልተወውና የራሴን ልናገር። ምርጡ 2020 ነው። ስድስቱንም ዘመን ስድስት ወር ሙሉ ከልጆቹ ጋር ሳነብ ከቆየሁ በኋላ ሌላ መደምደሚያ አልመጣልኝም። በየሳምንቱ ከጠንካራ ጋር ገጥሞ፣ አንዴም ሳይወድቅ፣ ከአንድ ጨዋታ በቀር ማንንም ሳያስጠጋ የጨረሰ ሌላ የለም። ወድቆ መነሳት ትልቅ ነገር ነው። ግን አለመውደቅም ችሎታ ነው።

ቃላት የጻፍንባቸውን ካርዶች በክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ 140 ደርሰዋል። ለሚመጣው ዓመት ልጆቹ ስለ ጆርጂያ እንከራከር እያሉ ነው። ምዝገባ እንደተለመደው ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው።

በፍጻሜው ቀን ወላጆች ቡና ጠጥተው ሲበተኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ድምፅ ሰማሁ። የ2009ኙ ልጅ ክንዱን ዘርግቶ አሁንም ስለ ኮዲ ያስረዳል። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ የመኪናውን በር ይዛ "እሺ፣ መጀመሪያ ምርጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ንገረኝ" ትለዋለች። በአማርኛ ነበር። እናቷ ሞተሩን አጥፍታ ትጠብቃለች።