የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አራት ዲስኮችና አንድ ተቆጣጣሪ ካርድ

የኮምፒውተር ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ ይኸውም አገልግሎት ሳይሰጥ የቆየውን አሮጌ ሰርቨር አንሥቶ የተማሪዎችን ሥራና የመምህራንን የትምህርት ማስታወሻ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያኖር ማከማቻ ማድረግ። «ዲስክ ለመደርደር ክበብ ያስፈልጋል ወይ?» የሚል አስተያየት በመምህራን ማረፊያ ክፍል መሰማቱ ስላልቀረ፣ ሥራውን በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ምዝገባው፣ የአመራር ምርጫውና ዕቅዱ እንደ ወትሮው ተከናውነዋል። ዋናው ትምህርት የጀመረው የሬይድ ተቆጣጣሪው፣ ማለትም የሰርቨሩን ዲስኮች የሚያስተዳድረው ካርድ፣ ማዋቀሪያ ገጽ በተከፈተ ዕለት ነው። ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሳሉ በ1988 እ.ኤ.አ. ካወጡት ጥናት ነው። የአሠራሩ ዓይነቶች በቁጥር ይለያሉ፤ የነበሩን ባለ 500 ጊጋባይት አራት ዲስኮች በሬይድ 0 ቢዋቀሩ 2000 ጊጋባይት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ሬይድ 5፣ 1500 ጊጋባይት ሰጥቶ የአንድ ዲስክ ብልሽት ይችላል፤ ሬይድ 6 ደግሞ 1000 ብቻ ሰጥቶ የየትኞቹንም ሁለት ዲስኮች ብልሽት ይቋቋማል። አባላቱ አጥብቀው ከተከራከሩ በኋላ፣ ዲስኮቹ ያረጁና ተጠባባቂ የሌላቸው መሆናቸውን አይተው ሬይድ 6ን መርጠዋል። ግማሹ ቦታ ባከነ ለሚሉ ባልደረቦቼ መልሴ ይኸው ነው፤ ቦታው የዋለው ለጥበቃ ነው።

ውሂብ ከመጫናችን በፊት አባላቱ ሥራቸውን ይፈትሹ ዘንድ፣ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ አንድ ዲስክ እንዲነቀል ፈቀድሁ። የነቀለችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማንቂያው ጮኸ፣ የዲስኩ ማስቀመጫ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ተለወጠ፤ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ግን ለሙከራ የተከፈተው የፊዚክስ ማስታወሻ ገጽ በገጽ መገለጡን ቀጠለ። ልጅቱ ዲስኩን በሁለት እጇ እንደያዘች «እዚህ ውስጥ የነበረው ታዲያ ከየት እየመጣ ነው?» ስትል ጠየቀች። መልስ ልሰጥ ስል ከእርሷ በዕድሜ የሚያንስ አባል ቀድሞኝ ወደ ሰሌዳው ወጣ። እያንዳንዱ አሃዝ በአንድ ዲስክ ላይ ያለውን እንዲወክል አድርጎ 1፣ 0፣ 1 ብሎ ጻፈ፤ የ«1» አሃዞች ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን በአራተኛ ቦታ 0 ጨመረ፤ ከዚያም ሦስተኛውን አሃዝ በመዳፉ ሸፍኖ «የቀሩት 1፣ 0፣ 0 ናቸው፤ ብዛቱ ተጋማሽ እንዲሆን የተሸፈነው የግድ 1 ነው» አላት። ሬይድ 6 በዚህ ላይ ሁለተኛ ስሌት እንደሚጨምር ለማስረዳት ከዚያ በኋላ አልተቸገርሁም። በማስተማር ዘመኔ አንድ ጥያቄ በጠያቂዋ እጅ ላይ እያለ በጓደኛዋ ሲመለስ ማየት እንዲህ ያስደሰተኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ችግር አላጋጠመንም ማለት አይደለም። የተቆጣጣሪው ባትሪ ሞቷል። ባትሪው ደኅና ቢሆን ኖሮ፣ ካርዱ የሚጻፈውን ውሂብ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ተቀብሎ ወዲያው «ጽፌያለሁ» ብሎ እንዲያረጋግጥ፣ ወደ ዲስክም ቀስ ብሎ እንዲያሳርፍ ማዋቀር ይቻል ነበር። ያለ ባትሪ ይህን መምረጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሂብን ለጥፋት ማጋለጥ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ዲስክ ላይ መድረሱ ሳይረጋገጥ የማያልፍበትን ዘገምተኛውን ቅንብር መርጠናል። ማከማቻው ቀርፋፋ ነው የሚሉ ሁሉ ምክንያቱ የተማሪዎቹ ችሎታ ሳይሆን ይህ ባትሪ መሆኑን ይወቁልን። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ደግሞ ከአራቱ ዲስኮች አንዱ በእርግጥ ተበላሸ። አንድም ፋይል አልጠፋም፤ ሆኖም ምትክ ስላልተገኘለት ማከማቻው እስከ አሁን በሦስት ዲስኮች እየሠራ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወላጆች የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ለተበላሸው ምትክ የሚሆን አንድ ዲስክ፣ ሌላው ሲበላሽ ተቆጣጣሪው በራሱ የሚተካው አንድ ተጠባባቂ ዲስክ፣ ለካርዱ የሚስማማ ባትሪ፣ እንዲሁም የሁሉም ፋይሎች ቅጂ የሚቀመጥበት የውጭ ዲስክ። ሬይድ በስሕተት የተሰረዘን ወይም በቫይረስ የተጎዳን ፋይል ስለማይመልስ የመጨረሻው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ዲስክ ለመለገስ የምታስቡ፣ ተቆጣጣሪው ከነባሮቹ ያነሰ መጠን ያለውን ስለማይቀበል ከ500 ጊጋባይት እንዳያንስ፣ የመሰኪያውም ዓይነት ከነባሮቹ ጋር አንድ እንዲሆን አስቀድማችሁ የክበቡን አባላት እንድትጠይቁ በአክብሮት እናሳስባለን።