ነሐሴ ላይ ተራራ ለሚወጣ ጾመኛ የሰጣችሁት ምክር ይታረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአልፕስ ተራሮች የእግር መንገድ ላይ ስላሉት ማረፊያ ቤቶች ያወጣችሁት ዘገባ ጾመኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሸኝቶታል፤ «ሥጋ የሌለው ምግብ ስለሚገኝ አይቸገሩም» ብሎ። አውሮፓ ያለን አንባቢዎች ለሁለት ሳምንት የምንጾመውን ጾም ከዚህ በላይ ልታስቡበት አይገባም ነበር? ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ማረፊያዎቹ በሰው የሚጨናነቁትም ያኔ ነው።

እዚያ ሥጋ ለማይበላ ሰው የሚቀርበው በአብዛኛው አይብ፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አለበት። የኦስትሪያው ኬዜሽፔትስሌ ሊጡ በእንቁላል ተቦክቶ አይብ የቀለጠበት ነው። ሾርባው አትክልት ቢመስልም የአጥንት መረቅ ሊኖርበት ይችላል። ቁርስ ላይ ለጾመኛ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ዳቦና ማርማላታ ነው፤ በዚያ ደግሞ ስድስት ሰዓት ዳገት አይወጣም።

የማረፊያው ጠባቂ በክፋት አይደለም የሚከለክለው። ከፍታ ላይ ያሉት ቤቶች ስንቃቸው በሄሊኮፕተር ወይም በዕቃ ማውጫ ገመድ ነው የሚደርሳቸው፤ ራቱም አንድ ዓይነት ሆኖ ከምሽቱ 12፡30 ገደማ ለሁሉም እኩል ይወጣል። ማታ ደርሶ «ጾመኛ ነኝ» ቢሉት ምን ያብስል? ስለዚህ አልጋ ሲያዝ «ቪጋን» ተብሎ ይጻፍ፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበላም በግልጽ ይጠቀስ። ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ስልክ ደውሎ ማስታወስ፣ ሲደርሱም ማእድ ቤቱ ሥራ ሳይጀምር መንገር ያስፈልጋል።

የስንቅ ነገር ጭራሽ አልተነሳም። በሶ ቀላል ነው፣ እሳት አይፈልግም፤ ለአንድ ሰው ለሦስት ቀን ግማሽ ኪሎ ከቆሎ ጋር መያዝ ራትና ቁርሱን በደንብ ይደግፋል። የቧንቧው ውሃ በብዙ ቦታ ስለማይጠጣ ከጠባቂው በሊትር በሚገዛ ውሃ ይበጥበጥ። የጋዝ ምድጃ መኝታ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከመነሳቱ በፊት የንስሐ አባቱን ያማክር። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ከረሃብ ይሁን ከከፍታው መለየት ያስቸግራል፤ ከከፍታው ከሆነና እየባሰ ከሄደ ደግሞ መውረድ ግድ ነው።

ዘገባችሁን ያመነ ሰው አልጋ እያስያዘ ያለው አሁን ነው። እርማቱ ከፍልሰታ በፊት፣ ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣልን።

ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ፣ ስዊዘርላንድ