ባዶ የተመለሰው መስመር

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የምዝገባ ፎርሙን የመጨረሻ ጥያቄ ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ? ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የልጆቹ ቤት መዋል እንዴት ይዟችኋል?

ለ2018 የትምህርት ዘመን ባዘጋጀነው ፎርም መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምረን ነበር። «ስለ ልጅዎ መምህሩ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ካለ ይጻፉ» ይላል። ከሥሩ ሦስት መስመር ትተናል። እስካሁን የተመለሱትን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። አንድ አባት ብቻ «ጎበዝ ነው፣ ብቻ ኳስ ያበዛል» ብለው ጽፈዋል። እግዜር ይስጣቸው፣ እሳቸው እንኳ ሞክረዋል።

የምጽፍላችሁ ስለዚያ ባዶ መስመር ነው። ረዘም ስለሚል ቡና እስኪፈላ አንብቡት። ማንበብ የማትችሉ በታላቅ ልጃችሁ አስነብቡት። ብቻ ጉዳዩ የሚመለከተው ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ ከሆነ ለማታ አቆዩት። እነሱ የማይሰሙ ሲመስሉ ነው የሚሰሙት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጃቸውን አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግቡ መጡ። ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማን እንደሆኑ ግን አልናገርም። ልጅቷን ለጨዋታ ያህል «ወንድም እህት አለሽ?» አልኳት። «ወንድሜ አለ። እሱ ግን ከቤት አይወጣም» አለችኝ። እናቲቱ አንገታቸውን ደፉ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። አንድም ዓመት ተመዝግቦ አያውቅም። «ምን ብዬ ላምጣው ጋሼ? ስሙን ሲጠሩት እንኳ አይዞርም። ልጆቹ መሳቂያ ያደርጉብኛል» አሉ። ቤታቸው ከአጥራችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ልጁ ደወላችንን እየሰማ ነው ያደገው።

እንዲህ ያለ ልጅ በየሰፈሩ አለ። አንዳንዱ ቤት ተደብቋል። አንዳንዱ ደግሞ እኛው ጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ «ሰነፍ»፣ «ረባሽ»፣ «ፈዛዛ» የሚል ስም ወጥቶለት። ነገሩ ግን ስንፍናም ጥጋብም ላይሆን ይችላል። የአንዳንድ ልጅ አእምሮ አሠራሩ ከብዙዎቹ ለየት ይላል። ሲወለድም እንደዚያው ነው።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲጠሩት ላይዞር ይችላል። ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ይከብደዋል። የሰማውን ቃል እየደጋገመ ይላል፣ እጁን ያርገበግባል፣ የጠርሙስ ክዳን በሰልፍ ይደረድራል። የለመደው ነገር ሲቀየርበት ይረበሻል። ድምፅ የሚያመውም አለ። ቡሄ ደርሶ ጅራፍ ሲጮህ፣ እኩዮቹ ሲቦርቁ፣ ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ አውቃለሁ። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጨርሶ አይናገርም። ሌላው ስለ መኪና ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ዝም ያለች ሴት ልጅ «ጨዋ» ትባላለቻ።

ኤዲኤችዲ የሚባል የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሁኔታም አለ። ልጅ ሁሉ ይቀብጣል፤ እኔም ቀብጫለሁ። ሐኪም ይህን ስም የሚሰጠው ነገሩ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው የጀመረ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታይ፣ የልጁን ኑሮ የሚያውክ ሲሆን ነው። ቤት ውስጥ ጨዋ ሆኖ አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ የሚረብሽ ልጅ ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው አስተማሪው ሳይሆን አይቀርም። መምህራን እንዳትቀየሙኝ።

ዲስሌክሲያ የሚባለው፣ ንባብ የሚያስቸግርበት ሁኔታ ላይ ትንሽ ልቆይ። የራሴ ዕዳ አለብኝ።

ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ገጠር ሦስተኛ ክፍል ይዤ ነበር። አንድ ልጅ ነበረኝ። ሒሳብ በቃል ስጠይቅ ከእኔ ይቀድማል። ንባብ ላይ ግን «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» አይለይም። ትናንት የለየውን ዛሬ ይረሳዋል። እስቲ አስቡት፤ የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። «ቡ»ና «ቢ»ን የሚለያቸው አንዲት ጭረት ወገብ ላይ መሆኗ ወይም እግር ላይ መሆኗ ነው። አብዛኛው ልጅ በልምምድ ይለምደዋል። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ግን ዓይኑ ደህና፣ ጭንቅላቱ ብሩህ ሆኖ ድምፁንና ቅርጹን ማያያዙ ራሱ ነው የሚከብደው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንበርክኬዋለሁ። ሰሌዳ ፊት አቁሜ አስቄበታለሁ። ዓመቱ ሳይጋመስ ከትምህርት ቀረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ገበያ ላይ አገኘሁት። በሬ ነጋዴ ሆኗል። የስድስት በሬ ሒሳብ በቃሉ ሲያወራርድ ቆሜ ሰማሁት። ሲያየኝ ቡና ጋበዘኝ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። አየት አደረገና ወደ እኔ ዘረጋው። «የኔታ፣ ባንኩ ምን ይላል?» አለኝ። እያነበብኩለት የት እንደምገባ ጠፋኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ልጃችሁ ላይ አንድ ነገር ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ። ሲጠራ የማይዞርና አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ ላይሰማ ይችላል። ዓይኑንም አሳዩ። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አናግሩ። እሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች። ከዚያ በሪፈር ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ነው። በሕፃናት አእምሮ ላይ የሠለጠነ ሐኪም በአገሪቱ ጥቂት ነው፤ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የመንገዱን ነገር ለእናንተ አልነግራችሁም።

ደረሳችሁ እንበል። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ራጅም አያሳየውም። ሐኪሙ ልጁን ያያል፣ እናንተን ይጠይቃል። መቼ ሄደ? መቼ አፉን ፈታ? በ18 ወሩ የፈለገውን ነገር በጣቱ ይጠቁም ነበር? ከማን ጋር ይጫወታል? እዚያ ስትቀርቡ ሁሉም ይጠፋባችኋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር ላይ ጻፉት። ቤት ውስጥ የሚያደርገውን በስልካችሁ ቅረጹ፤ ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሌላ ልጅ ይሆናል። እኛም የክፍሉ መምህር ያየውን ጽፈን፣ ማኅተም መትተን እንሰጣችኋለን። በነጻ ነው፤ «ነገ ተመለሱ» የሚላችሁ ካለ ወደ እኔ ግቡ።

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። በክኒን፣ በመርፌ፣ በቅጠል አድናለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ለኤዲኤችዲ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። ከኦቲዝሙ ጋር የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች አሉ፤ ለእሱም መድኃኒት አለ። ያንን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ይህን ያነሳሁት ስለ ጸበል ልናገር ስለሆነ ነው። እኔም እጠመቃለሁ። ሂዱ። ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ በሰዓቱም ስጡት።

«ክትባት ነው ያመጣበት» የሚል ወሬም በየስልኩ ይዞራል። ወሬው በእ.ኤ.አ. 1998 እንግሊዝ አገር ከታተመ አንድ ጽሑፍ የመጣ ነው። ያሳተመው መጽሔት ራሱ በእ.ኤ.አ. 2010 ጽሑፉን ሰርዞታል። ታናናሾቹን አስከትቡ።

እርግማን ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው፣ እናቱ ስታረግዝ ምን አይታ ነው የሚሉትንም ሰምቻለሁ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ባል ሚስቱን «ይሄ ከናንተ ዘር ነው» ሲል ነው። ከዘር ጋር የሚያያዝ ነገር አለው፤ አልዋሽም። ዘሩ ግን የሁለት ሰው ነው። ልጅ የሚደበቀውም በጭካኔ እንዳልሆነ ይገባኛል። «ለእህቶቹ ባል ያሳጣብናል» ያሉኝ አባት ሲነግሩኝ እንባቸው መጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት በአንድ ደብዳቤ አይለቅም።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «የሐኪም ወረቀት ሳናመጣ ትቀበሉታላችሁ?» አዎ። ወረቀቱ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ልጁ ዓመት አይጠብቅም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። «አንቀበለውም» የሚል ርዕሰ መምህር ካጋጠማችሁ፣ እኔም ብሆን፣ ይህን ንገሩት።

ስንቀበለው ምን እናደርጋለን? ቄስ ትምህርት ቤት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አጠገቡ ያለው ዳዊት ይደግማል፣ ሌላው ገና መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው። የኔታ ሁሉንም በየደረጃው ይሰሙታል። ማንም ከክፍል ወደ ኋላ ቀረ አይባልም፤ ክፍል የለማ። አለንጋው ይቅርብንና ያንን ብንወስድስ? ሁሉንም ልጅ አብሮ የሚያስተምረውን የአካቶ ትምህርት ሥልጠና የወሰድኩ ጊዜ «ይሄንንማ የኔታ ያውቁታል» ብዬ አጠገቤ የነበረውን ሰው አስቄያለሁ።

አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ አለን፤ ተአምር ቃል አልገባም። የምንችለው ይህን ነው። ልጁን ፊት እናስቀምጠዋለን። ትእዛዝ አንድ በአንድ፣ አጠር አድርገን እንሰጠዋለን። የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል እናሳየዋለን። ማንበብ የሚከብደውን በቃል እንፈትነዋለን፤ ሰዓትም እንጨምርለታለን። መቀመጥ ያቃተውን ጠመኔ አምጣልኝ ብለን እንልከዋለን፤ ሄዶ ሲመለስ ይረጋጋል። ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል አጽድተናል፤ ጫጫታ የበዛበት ልጅ እዚያ ገብቶ ይወጣል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እየመጣ መጀመር ያለበት ካለም እንዲያ ይጀምር። ዱላ የለም። ቅጽል ስም የለም፤ ይህ ከተማሪዎች ይልቅ ለእኛ ለመምህራን ከባድ ነው።

በተለይ የትምህርት መቋረጥ ለነዚህ ልጆች ምን እንደሆነ አይተናል። ትምህርት በቆመበት ጊዜ በየጠዋቱ ዩኒፎርሙን ለብሶ በር ላይ የሚቆም ልጅ ነበር። ለምን እንደማይሄድ ሊገባው አልቻለም። እናቱ በየቀኑ እስከ አጥራችን ድረስ ወስዳ፣ የተቆለፈውን በር አሳይታ ትመልሰው ነበር። እኛ አልመከርናትም። ራሷ ያገኘችው ዘዴ ነው፤ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ስለ ሥልጠና ካነሳሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው አለ። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ነው፤ በአገራችንም ተሞክሯል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ልጁን ወደ ራሳችሁ ከመጎተት እሱ ወዳለበት ጨዋታ ግቡ፤ የቤቱን ሥራም መማሪያ አድርጉት። ምስር ስትለቅሙ አጠገባችሁ አስቀምጡት። አንድ ጠጠር ሲያወጣ «ጠጠር!» በሉት፤ አመስግኑት። ክዳን የሚደረድር ልጅ ሲኒ ለመደርደር ማን ይበልጠዋል?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ልጃቸውን የሚያስተናግድ ትምህርት ቤት ሲያጡ በእ.ኤ.አ. 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ዛሬ በሕይወት የሉም። በየአደባባዩ ስለ ልጃቸው ሳያፍሩ ሲናገሩ የሰማ ብዙ ወላጅ ነው የልጁን ነገር መናገር የጀመረው። ማዕከል መክፈት ለእናንተም ለእኔም ሩቅ ነው። ቡና ማፍላት ግን አያቅተንም። ቅዳሜ መስከረም 10 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከዚያም በየወሩ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች በቤተ መጻሕፍቱ እንገናኝ። አባቶችም ኑ። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ከኔ ሌላ ወንድ አልነበረም።

ፎርሙ እስከ ጳጉሜ 4፣ ልጆቹ እንግጫ ሊነቅሉ ከመውጣታቸው በፊት፣ ይመለስልን። እንድትጽፉ የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ምን ያስፈራዋል? ሲረበሽ ምን ያረጋጋዋል? ምን ይወዳል? መጻፍ ያላሰኛችሁ ቢሮዬ ግቡና ንገሩኝ፤ ጠዋት ጠዋት አለሁ። ፎርሙን ከእኔና ከክፍሉ መምህር በቀር ማንም አያየውም።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ

ማስታወሻ፦ ከላይ ያነሳሁት የ9 ዓመት ልጅ ትናንት ከሰዓት ግቢው ጭር ሲል ከእናቱ ጋር መጥቶ ነበር። ዞር ዞር አለ። እንደ ደወል የምንመታው ቸርኬ የተሰቀለበት ዛፍ ጋ ሲደርስ ሁለት ጆሮውን ይዞ ቆመ፤ ማንም ሳይመታው። ስለዚህ ቸርኬውን ከአንደኛ ክፍል መስኮት ሥር አንስተን ወደ ጓሮ ወስደነዋል። የክረምት ማጠናከሪያ ተማሪዎች የመግቢያው ደወል አይሰማንም ብለው ቅሬታ አቅርበዋል። የመውጫው ይሰማቸዋል።