ቀውሱ ጅማ የደረሰው በቡና ሚዛን በኩል ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ እስያ የገንዘብ ቀውስና ስለ ሉላዊነት ክርክር ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ሐተታ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የታይላንድ ገንዘብ ባት እ.ኤ.አ. በ1997 ስለመውደቁ፣ ማሌዥያ በማግስቱ ዓመት በካፒታል ዝውውር ላይ ስለጣለችው ቁጥጥር፣ ጆሴፍ ስቲግሊትዝ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት ሳሉ የአይኤምኤፍን (የዓለም የገንዘብ ድርጅትን) መድኃኒት ስለመንቀፋቸው በጻፋችሁት ላይ ቅሬታ የለኝም። ያንገበገበችኝ፣ ኢትዮጵያ በሯን ዘግታ ስለነበር ማዕበሉ አልደረሰባትም የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

የተዘጋው የባንክ በር ነበር፤ የቡናው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከእስያ የተነሳው ድንጋጤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሩሲያን አናግቶ፣ በጥር 1999 ብራዚል የገንዘቧን የሪያልን ምንዛሪ ለገበያ እንድትለቅ አስገደዳት። ሪያል ሲረክስ ብራዚላዊው ላኪ ለአንድ ዶላር ከቀድሞው የበለጠ ሪያል ስለሚያገኝ፣ የቡናው የዶላር ዋጋ ቢወርድም መሸጡ ያዋጣዋል፤ ከዓለም አንደኛዋ ቡና አምራች እንዲህ ስትሸጥ ደግሞ ዳፋው በጅማ ላለው የማና ወረዳ ገበሬ ይተርፋል። ጥፋቱ ሁሉ የሪያል ነው አልልም፤ አገሮች ወደ ውጭ የሚልኩትን የቡና መጠን ይወስን የነበረው የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 መፍረሱና የቬትናም ቡና ገበያውን ማጥለቅለቁ ምናልባት ከዚያም ይብሳሉ። ሆኖም በ1997 ከ3 ዶላር በላይ ደርሶ የነበረው አንድ ፓውንድ አረቢካ በ2001 ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ አልደረሰም ያላችሁት ማዕበል በቡና ሚዛን በኩል ገብቶ ነበር።

አባቴ በዚያ ዓመት ከጀንፈላቸው ያገኙት ገንዘብ የለቃሚ እንኳ አልሸፈነም። ሰብሳቢው የዓለም የቡና ዋጋ የሚቆረጥበትን ገበያ ጠቅሶ «የኒውዮርክ ዋጋ ነው» ቢላቸው፣ ኒውዮርክ ስንት ጋሻ ቡና እንዳላት ጠየቁት። በሁለተኛው ዓመት የማሳቸውን ግማሽ ነቅለው ጫት ተከሉ፤ እኔም ትምህርቴን አቋረጥሁ። የእናንተ ሐተታ የአዲስ አበባ ምሁራንን ተራ በተራ ሲያነጋግር፣ ከጅማ የወሰደው እሸት የምትለቅም ሴት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ለጌጥ መብቃታችንም አንድ ነገር ነውና እናመሰግናለን!

ነገሩ የድሮ ብሶት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀና ቀጥሎም የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ በሩ ይዘጋ የሚለው ወገን በዝጉ ዘመን ከቀውስ ተጠብቀን እንደነበር እያስረዳ ነው፤ ዓረፍተ ነገራችሁም ማስረጃ ሆና ትጠቀስለታለች። ስለዚህ ትታረም። ለእርማቱ ማጀቢያ ፎቶግራፍ ካስፈለጋችሁ፣ የአባቴ የጫት ማሳ አሁንም እዚያው ነው።

የቡና ገበሬ ልጅ፣ ከጅማ